«ደህና ነኝ» የሚሉ አባት እና ሌሊት የሚረጥበው ፍራሽ

ጥያቄ፦ «አባቴ 66 ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የደም ግፊት ስላለበት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና አምሎዲፒን ይወስዳል፤ ሁለቱንም የሚውጠው ማታ ነው። ከዓመት ወዲህ ሌሊት አራቴ አምስቴ ይነሳል፣ መጸዳጃ ቤት ከገባም ቶሎ አይወጣም። ለቅሶ መቀመጥ፣ እድር ስብሰባ መሄድ ትቷል፤ አውቶቡስ መሳፈርም አይፈልግም። ስጠይቀው ‹እርጅና ነው፣ ብርድም መትቶኛል› ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ባለፈው ወር ለግፊቱ ክትትል አብሬው ገብቼ ሐኪሟ ‹ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?› ስትለው ‹ተመስገን፣ ደህና ነኝ› አላት። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን ፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት ከፋርማሲ እየገዛ ሁለት ጊዜ ወስዷል። በቅርቡ ደግሞ እናቴ በድብቅ፣ አንዳንድ ሌሊት ፍራሹ እንደሚረጥብና እሱም ሳይነጋ ተነስቶ አንሶላውን ራሱ እንደሚያጥብ ነገረችኝ። ምን ብዬ ላናግረው? እንዲናገርስ እንዴት ላድርገው?»

ምላሽ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ከባዱ መጨረሻ ላይ ያነሱት ነው፤ የረጠበው ፍራሽ። ሌሊት መመላለሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቀስ ብለን የምንሄድበት ጉዳይ ነበር። በስልሳዎቹ ዕድሜ ያለ ወንድ ቀድሞ ያልነበረበት በመኝታ ላይ መሽናት ሲጀምረው ግን፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው ብለን ነው የምንነሳው። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሽንቱን መቆጣጠር አቃተው» ይላል። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሽንቱ በወጉ አልወጣ ስላለ ነው ትርፉ የሚያመልጠው።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት የሚከብ ዕጢ ነው። በወጣትነት 20 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ40 ዓመት በኋላ በብዙ ወንዶች ላይ ቀስ እያለ ያድጋል፣ በ60ዎቹ ውስጥ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ዕድገቱ ይገኛል። ሲያድግ ቧንቧውን ያጠባል። ፊኛው መጀመሪያ ጡንቻውን አደንድኖ ይታገላል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለቱና ማጣደፉ የዚያ ትግል ምልክት ነው። እየደከመ ሲሄድ ደግሞ ጨርሶ መውጣት ያለበት ሽንት ውስጥ ይቀራል። ጤናማ ሰው ሸንቶ ሲጨርስ ፊኛው ውስጥ የሚቀረው ከ50 ሚሊ ሊትር በታች ነው። በታቆረበት ሰው ግን 300፣ 500፣ አንዳንዴም ከአንድ ሊትር በላይ ይገኛል። ፊኛው በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ የተለጠጠ ስለሆነ ሕመም የለውም። ቀን የመዝጊያው ጡንቻ ያግደዋል፤ እንቅልፍ ሲወስደው ጡንቻው ይላላና ሽንቱ ይፈሳል።

የሚያስፈራው አንሶላው አይደለም። ፊኛው እንደተወጠረ ሲቆይ ግፊቱ ወደ ላይ፣ ወደ ኩላሊቶቹ ይመለሳል። ኩላሊት ሳያምም ነው የሚጎዳው። ሰውየው የሚነቃው ምግብ ሲያስጠላው፣ ሲያቅለሸልሸው፣ እግሩ ሲያብጥ ነው። ከዚያ በፊት ከተደረሰበት የታቆረውን ሽንት በማስወጣት ብቻ የኩላሊቱ ሥራ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። የምቸኩለው ለዚህ ነው።

«እርጅና ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ ዕጢው የሚያድገው ከዕድሜ ጋር ነው። ታቁሮ መፍሰሱ ግን የዕድሜ ጸጋ አይደለም፣ የሚታከም በሽታ ነው። ብርድ ሽንት ሊያበዛ ይችላል፤ ቧንቧ ግን አያጠብም። ሲፕሮፍሎክሳሲኑ ደግሞ አሳሳች ነው። በታቆረ ሽንት ውስጥ ተህዋሲያን በቀላሉ ይራባሉ፤ መድኃኒቱ ሲወሰድ ማቃጠሉ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ይቀልና «ኢንፌክሽን ነበር፣ ተሻለኝ» ይባላል። መታቆሩ ስላልተነካ ይመለሳል፣ በሦስተኛው ዙር ደግሞ ተህዋሱ መድኃኒቱን ለምዶ ይጠብቃል። በዚህ ዕድሜ ይኸው መድኃኒት የተረከዝ ጅማት እስከ መበጠስ የሚያደርስ ጉዳትም አለው። ከእንግዲህ ሽንታቸው ካልቸር (ተህዋሱን በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ሳይደረግ አንድም ፍሬ አይግዙ።

የግፊት መድኃኒቶቹ የሚወሰዱበት ሰዓትም መታየት አለበት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ነው፤ ማታ የሚወስደው ሰው ሌሊት ቢመላለስ አይገርምም። አምሎዲፒን እግር ላይ ውሃ ያጠራቅማል፣ ሰውየው ጋደም ሲል ያ ውሃ ወደ ደም ተመልሶ በሽንት ይወጣል። የመጀመሪያውን ወደ ጠዋት ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። እግራቸው የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ከፍ አድርገው ቢያሳርፉት የሌሊቱ ምልልስ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ሁሉ የመነሳቱን ብዛት ያስረዳል፤ የፍራሹን መርጠብ ግን አያስረዳም።

አሁን ወደ ዝምታው። እንዲናገሩ የሚያደርጉትን ግፊት ይተዉት ነው የምለው። ሐኪሙ በዋናነት የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ አፍ ሳይከፈት ወረቀት ላይ ይሰፍራል። አባትዎ ችግሩን የካዱ ሰው አይደሉም። ሳይነጋ ተነስቶ አንሶላውን በሳፋ የሚያጥብ ሰው ምን እንደደረሰበት አሳምሮ ያውቃል፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ብቻውን ተሸክሞታል።

የክሊኒኩን ክፍል መለስ ብለው ይዩት። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጧል። ጠያቂዋ ሴት ናት። ጥያቄው «ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» የሚል ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ ሰላምታ ይሰማል፣ የሰላምታ መልሱ ደግሞ «ተመስገን» ነው። እርሳቸው የዋሹ አይመስላቸውም። «ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?» ተብለው ቢሆን «አራት» ማለት ያን ያህል አይከብድም ነበር።

ከዚያ በታች ሌሎች ፍርሃቶች አሉ። የሽንት ነገር ሲነሳ ብዙ ወንድ የሚሰጋው ጨብጥ ነው እንዳይባል ነው፤ አገር ለአገር ሲዞር የኖረ ሹፌር ደግሞ ከሚስቱ ፊት ይህን ጥርጣሬ ይበልጥ ይፈራል። የፕሮስቴት ዕድገት ከአባላዘር በሽታ ጋር ግንኙነት የለውም። ነገር ግን ከብዙ ዓመት በፊት የተያዘ ጨብጥ በሽንት ቧንቧው ላይ ጠባሳ ትቶ ቧንቧውን ሊያጠብ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ይህን ለብቻቸው መጠየቅ አለበት። እርስዎም እናትዎም በዚያ ሰዓት ውጭ ሁኑ።

ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ ፕሮስቴቱን የሚዳስስበት የጣት ምርመራም ሌላ ግድግዳ ነው። በጎን ተኝተው፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረት ሰብስበው፣ በጓንትና በማለስለሻ ቅባት የሚደረግ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ይጨንቃል እንጂ የሚያም መሆን የለበትም፤ ካመማቸው ይናገሩ፣ የዕጢው ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሚፈልገው የዕጢውን መጠንና ጠጣር እብጠት መኖር አለመኖሩን ነው። ወንድ ሐኪም እንዲመረምራቸው መጠየቅ ነውር የለውም። ጭራሽ እምቢ ካሉ ደግሞ ሌላው ሁሉ በዚህ ሰበብ እንዳይቀር፤ ሽንት፣ ደምና አልትራሳውንድ ያለ ጣት ምርመራ ይሠራሉ። ብዙ ሰው ጣቱን ሽሽት ክሬቲኒኑን፣ ማለትም የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ሳይታይ ይቀራል፤ ይህ በጣም ያሳዝናል።

«ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ወንድነት የለም» የሚለውን ወሬ በቀጥታ ልመልሰው። ላደገ ፕሮስቴት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የብልት መቆምን አይነካም። የሚለወጠው የዘር ፈሳሹ መንገድ ነው፤ በብዙዎች ላይ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይገባና በኋላ ከሽንት ጋር ይወጣል። ጉዳት የለውም፣ እርካታውም በአብዛኛው አይቀርም። ሰው ይህ ሳይነገረው ሲደርስበት ነው «ሰለቡኝ» ብሎ የሚያስወራው፤ ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ እንዲነግራቸው ያድርጉ። ካንሰርን በተመለከተ፣ ይህ ዕድገት ወደ ካንሰር አይለወጥም። የፕሮስቴት ካንሰር በአብዛኛው የሚነሳው ከዕጢው ውጫዊ ክፍል ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሽንት አያስቸግርም። ሁለቱ ግን በአንድ ሰው ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ አባታቸው ወይም ወንድማቸው ይህ ካንሰር ከነበረባቸው ስጋቱ ይጨምራል።

ወረቀቱ እንዲህ ይዘጋጃል። ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ይቁረጡ። በ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አምስት ጊዜ ውሃ ይጨምሩበት፤ ያ 100 ነው። ውሃው የደረሰበትን በማይለቅ እስክሪብቶ ያስምሩ፣ እስከ 500 ድረስ እንዲሁ ይቀጥሉ። ውሃውን ደፍተው ጠርሙሱን ከደብተርና ከእስክሪብቶ ጋር መጸዳጃ ቤት ያስቀምጡት። ለሦስት ቀን የሚጻፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓትና መጠን። ለምሳሌ «ሌሊት 7፡30፣ 80»። በየጊዜው የሚወጣው 50፣ 80፣ 100 ከሆነ ችግሩ ፊኛው ወይም መውጫው ላይ ነው። በየጊዜው 300 እና 400 እየሆነ የሌሊቱ ድምር ከሙሉው ቀን ሽንት ሲሶውን ካለፈ ደግሞ ሰውነት ሌሊት ሽንት እያበዛ ነው፤ ያኔ የመድኃኒት ሰዓት፣ ስኳር፣ ልብ፣ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ይፈተሻል። ሁለቱ ተደርበው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

በዚያው ደብተር ላይ በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸውን ሰባት ጥያቄዎች ይጻፉላቸው፦ ባለፈው አንድ ወር ሸንተው ሲጨርሱ ያልወጣ የቀረ ይመስልዎታል? ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣል? እየተቋረጠ ይወጣል? መያዝ ያቅትዎታል? አወራረዱ ደካማ ነው? ለመጀመር ማማጥ ይጠይቃል? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ለስድስቱ «በጭራሽ» 0፣ «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» 5 ነው፣ ግማሽ በግማሽ ከሆነ 3። ሌሊት ለመነሳት የተነሱበት ቁጥር ራሱ ይጻፋል፣ ከ5 አይበልጥም። ድምሩ እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ነው። ነጥቡ ችግሩ ኑሯቸውን ምን ያህል እንደያዘ ይናገራል፤ ኩላሊቱ መትረፉን ግን አይናገርም፤ ዝቅ ያለ ነጥብ አያዘናጋችሁ።

ደብተሩን ሲሰጧቸው እናትዎ የነገሩዎትን አያንሱ። ያንን ካነሱ እናትዎን አጋለጡ፣ አባትዎንም ከዚያ በኋላ ማንም አያገኛቸውም። እንዲህ ቢሏቸው እውነትም ነው፣ አያሳፍርምም፦ «አባዬ፣ አንዱ የግፊት ኪኒንህ ሽንት የሚያበዛ ነው። ማታ ስለምትወስደው ሐኪሟ መጠኑን ማየት አለባት።» ከዚያ ዝም ይበሉ። በየቀኑ «ጻፍክ?» እያሉ አይከታተሉ። ሦስት ቀን ካልሞላም ችግር የለም፤ የአንድ ሌሊት ቁጥር ይዞ መሄድ ሦስቱን ከመጠበቅ ይሻላል።

ጤና ጣቢያ የሽንት ምርመራ፣ ስኳርና ግፊት ይሠራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ ከዚያ ጀምራችሁ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ሆስፒታል የሚያስፈልገው ክሬቲኒን፣ የደም ጨዎች፣ እና ከሽንት በፊትና በኋላ የሚደረግ የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድ ነው። «ከሽንት በኋላ የቀረ» የሚለው በወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ካልተጻፈ አንዳንድ ቦታ የፕሮስቴቱን መጠን ብቻ ለክተው ይሸኛሉ። ሌላው የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ታካሚው አንድ ተኩል ሊትር ጠጥቶ ሰልፍ ይጠብቃል፣ ፊኛው ከልክ በላይ ሲወጠር፣ በር እየተንኳኳ በጥድፊያ ይሸናል፣ የቀረው መጠን ከእውነቱ በላይ ይነበባል። ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ ተረጋግተው ሸንተው ይደገም። ካንሰርን ለማየት የሚታዘዘው ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ በኢንፌክሽን፣ በመታቆርና በካቴተር (ሽንት ለማስወጣት ወደ ፊኛ በሚገባ ቱቦ) ከፍ ስለሚል እነዚህ ታክመው አራት እስከ ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከፍ ብሎ መገኘቱ ብቻውን ካንሰር ነው ማለት አይደለም።

የቀረው ሽንት ጥቂት፣ ክሬቲኒኑ ደህና፣ ኩላሊቶቹም ያላበጡ ከሆነ በመድኃኒት ይጀመራል። ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ በየቀኑ ከአንድ ዓይነት ማዕድ በኋላ ይወሰዳል። በቀናት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ሙሉ ጥቅሙ ግን እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ሲነሱ ሊያዞራቸው ስለሚችል ከአልጋ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ደቂቃ ይቀመጡ። የዘር ፈሳሽም ሊቀንስ ይችላል። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የታሰበ ከሆነ ለዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ ይነገር። ዕጢው ትልቅ ከሆነ ፊናስቴራይድ 5 ሚሊ ግራም ይጨመራል፤ ዕጢውን ያሳንሳል፣ ግን ስድስት ወር ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። የፒኤስኤን ቁጥር በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ በሚቀጥለው ምርመራ ይነገር፤ ነፍሰ ጡር የተሰበረውን ፍሬ አትንካ።

ፊኛው በጣም ታቁሮ፣ ኩላሊቶቹ አብጠው ወይም ክሬቲኒኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን በኪኒን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ሆስፒታል ገብተው ካቴተር ይደረግላቸዋል። የሚያውቁት ነርስ ቤት መጥቶ እንዲያስገባላቸው አይስማሙ፤ የታፈነው ሽንት ሲለቀቅ አንዳንድ ሰው በሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ እየሸና ለአንድ ሁለት ቀን ይቆያል፣ ፈሳሹና ጨዉ እየተለካ ካልተተካ ግፊቱ ይወድቃል። ካቴተሩ እስከ ቀዶ ሕክምናው ሊቆይ ይችላል። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገብ በታች ይንጠልጠል፣ መሬት አይንካ፣ ቱቦው በሚቀየርበት ቀን ይቀየር። ቀዶ ሕክምናው በሽንት ቧንቧው በኩል በመሣሪያ ሊሠራ ይችላል፤ ዕጢው ከ80 ግራም በላይ ከሆነ ወይም መሣሪያው ከሌለ ሆድ በታች ተከፍቶ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ከወገብ በታች በማደንዘዝ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አይነሣም።

እስከዚያው ድረስ የሚጎዱ ነገሮች አሉ። ከፋርማሲ የሚገዙ የጉንፋን ኪኒኖች፣ በተለይ ሱዶኤፌድሪንና ክሎርፌኒራሚን ያለባቸው፣ ሽንትን ጨርሶ ሊዘጉ ይችላሉ፤ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ጫት የሽንት አወራረድን ያዳክማል። አረቄና ቢራ ፊኛውን በአንድ ጊዜ ይሞላሉ፤ የሆድ ድርቀትም ያባብሰዋል። «ይጠበው» ተብሎ ጠበልም ሆነ ውሃ በሊትር መጠጣት ባዶ የማይሆን ፊኛ ላይ መጨመር ነው፤ ጠበሉ በመጠኑ ይሁን። ውሃን ጨርሶ መተውም አይሆንም፤ ቀን እንደ ጥማታቸው ይጠጡ፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ይቀንሱ።

ሽንት ጨርሶ እምቢ ብሎ ከእምብርት በታች ካበጠና ካመማቸው፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ የረጋ ደም በሽንት ከታየ፣ ወይም እያስታወካቸው መፍዘዝ ከጀመሩ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። እስኪነጋ አይጠበቅም።

እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም ክሬቲኒኑና አልትራሳውንዱ በዚህ ሳምንት ይሠሩ፤ የሚቀጥለው የግፊት ቀጠሮ ይድረስ አይባልም። ደብተሩን ባይቀበሉዎትስ? ሐኪሟ የአባትዎን ምስጢር ለእርስዎ መናገር አትችልም፤ እርስዎ የሚያውቁትን ለእርሷ ከመንገር ግን የሚከለክልዎት የለም። አባትዎ ከመግባታቸው በፊት አጭር ጽሑፍ ያድርሱላት፦ «ሌሊት 4–5 ጊዜ ይነሳሉ። በመኝታ ላይ ሽንት ያመልጣቸዋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ማታ ይወስዳሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ሁለት ጊዜ ወስደዋል። ቤተሰብ ባለበት አይናገሩም፤ ከማን እንደሰሙ ሳይነግሩ ሆዳቸውን ይንኩልን።» ከእምብርት በታች የተወጠረ ፊኛ በእጅ ይታወቃል፤ አባትዎ ምንም ሳይሉ ምርመራው ከዚያ ይጀመራል። እርስዎ በሩ ላይ ሲደርሱ «ውጭ እጠብቅሃለሁ» ብለው ይቅሩ።